የአሌክሳንድሪያ ጥልፎችና የልጄ ልጅ ስም

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ደጄን የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ምን አየሽ?» ይለኛል። ዋይት ሐውስን አየሽ ወይ የሚለኝም አለ። አጥሩን ከመኪና ውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ እሱንም የልጄ ባል በጣቱ ባያሳየኝ የአንድ ሀብታም ግቢ መስሎኝ አልፈው ነበር። እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ጠያቂ እንደ አዲስ ልናገር ብል ምላሴ ይዝላል፤ ብዙዎቻችሁም ወደዚያ የመሄድ እድሉን የምታገኙ አይመስለኝም። ስለዚህ ከቤቴ ከወጣሁበት ቀን ጀምሬ ልጻፍላችሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደሌ ተወላግዶ ብታገኙት መርፌ እንጂ እስክሪብቶ የለመደ እጅ አይደለም ብላችሁ እለፉት።

ከቤት የወጣሁ ቀን

ቤቴ ደብረ ብርሃን ነው። ለሙሽሮች አንሶላና ትራስ ልብስ እየጠለፍኩ እሸጣለሁ። ባሌ ካረፈ ቆይቷል። ያለችኝ ልጅ ትዕግስት ናት፤ ዲቪ ደርሷት ሄዳ፣ ሄኖክ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ አግብታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ ትኖራለች። አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ደወለችልኝ።

«እማዬ፣ ደም ግፊቴ ከፍ ከፍ እያለ ነው። ዶክተሯ በጣም ተጠንቀቂ ብላኛለች። ነይልኝ» አለችኝ።

ቪዛው እስኪመታልኝ ድረስ እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም። ጎረቤቴ ጌጤነሽ ቆሎና በሶ ስትጠቀልልልኝ «አይዞሽ፣ አውሮፕላን እንደ አውቶቡስ አይገለበጥም» ትለኛለች። እኔን ያስፈራኝ አውሮፕላኑ መስሏት ነው። እኔ የፈራሁት ሌላ ነበር፤ እሱን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ቦሌ ስደርስ የመጀመሪያው ጉዴ መጣ። በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ የጥልፍ መቀሴን ይዤ ነበር። ፈታሿ ልጅ አወጣችና «እማማ፣ ይሄ አይገባም» አለችኝ።

«ክር መቁረጫ ናት እኮ ልጄ። ጣት የምታህል!»

«ባውቅም አይቻልም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ለስንት ዓመት የሠራሁባት መቀስ ሳጥን ውስጥ ተጥላ ቀረች። መርፌዬን ግን በነጠላዬ ጫፍ ሰክቼ ስለነበር አለፈች። ከዚያ በኋላ በጉዞዬ ሁሉ ክር የምበጥሰው በጥርሴ ሆነ።

አየር ላይ

ከጎኔ የተቀመጠችው አሜሪካ፣ ውድብሪጅ የምትኖር የወሎ ሴት ነበረች። እግዜር ይስጣትና ቀበቶውን አሰረችልኝ፣ ፈታችልኝ፣ ምግቡ ሲመጣም የቱ ቅቤ የቱ ሳሙና እንደሆነ ነገረችኝ። ምግቡ የልጆች እቃቃ ይመስላል፤ ሁሉም በየትንሽ ትንሽ ሳህኑ ነው። ሽንት ቤት ገብቼ ውኃ መልቀቂያውን ስጫነው አውሮፕላኑ የተቀደደ መስሎኝ ጮኼ ወጣሁ። ሴትየዋ ሳቋ እስኪያንቃት ስቃ፣ ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

የደረስኩበት ቀን

ደለስ የሚባለው የዋሽንግተን አየር ማረፊያ ስንደርስ የጉምሩኩ መኮንን የሽሮ ጥቅሌን ይዞ እያገላበጠ ጠየቀኝ። እኔ ከድንጋጤ የተነሳ የማውቃትን «ሄሎ»ንም ረሳኋት። አንዲት ሐበሻ ሠራተኛ ከወዲያ መጥታ «ዱቄት ነው፣ ለወጥ ነው» ብላ አስረዳችልኝ። አሸተተው፣ አስነጠሰው፣ ሳቀና አሳለፈኝ። አስነጥሶት የነበረው ከጎኑ የነበረው በርበሬ ነው፤ ግን አልተናገርኩም።

ትዕግስትን በሩ ላይ ሳያት መጀመሪያ ያየሁት ፊቷን አይደለም፤ እግሯን ነው። አብጧል። ሳምኳት፣ አለቀስኩ፣ ሄኖክም ሻንጣዬን ይዞ «እማማ፣ እንኳን ደህና መጡልን» እያለ ትከሻዬን ደገፈኝ። በመንገዱ ግራ ቀኙን ባይ ባይ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። የኛ ከተማ መንገድ ሰውና በግ ሲጋፉበት ይውላል፤ የነሱ መንገድ መኪና ብቻ ነው። «ሰዉ የት ሄደ?» ስለው፣ ሄኖክ «ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ እማማ» አለኝ።

ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው። ውጭው የኛን የጥቅምት ጠዋት ያስታውሳል፤ ውስጡ ግን የዳቦ ቤት ምድጃ ነው። ለኔ የለቀቁልኝ ክፍል ለምትወለደው ሴት ልጅ ያዘጋጁት ነበር። ግድግዳው ጽጌረዳ ቀለም ተቀብቷል፣ አልጋዋ ተገጣጥሞ ማዕዘኑ ላይ ቆሟል፣ ትንንሽ ካልሲዎች ተደርድረዋል። ካልሲዎቹን ሳይ ፊቴን አዞርኩ።

በማግስቱ

ልጄ ሥራ ስትሄድ መክሰስ ሠርቼ ልቆያት ብዬ ቆሎ መቁላት ጀመርኩ። ጣሪያው ላይ የተለጠፈ ክብ ነገር አለ፤ ለካ ጭስ ጠባቂ ነው። እንዲህ ያለ ጩኸት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ምጣዱን ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ፣ ተመለስኩ፣ ጩኸቱ አይቆምም። በሩ ተንኳኳ። ማርታ የምትባል የኤል ሳልቫዶር ጎረቤታቸው መጥረጊያ ይዛ ገባችና መስኮቱን ከፍታ፣ ፎጣ አንስታ፣ ወደ ጣሪያው ታራግብ ጀመር። እኔም ነጠላዬን አወለቅኩና አብሬያት ማራገብ። ሁለት ሴቶች፣ በቋንቋ የማንግባባ፣ ክፍሉ ውስጥ እየዞርን ስናውለበልብ ያየን ሰው እስክስታ መስሎት ነበር።

ዝም ሲል ሁለታችንም ሶፋው ላይ ወድቀን ሳቅን። ማታ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ምግብ አመጣችልኝ፤ እኔም ቆሎ ሰጠኋት። ጎረቤት እዚያም ጎረቤት ነው።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ለትዕግስት ቤቢ ሻወር የሚሉትን ድግስ አዘጋጁላት። እኛ ከወለደች በኋላ ገንፎ እንበላለን፤ እነሱ ሳትወልድ ይደግሳሉ። ብሌን የምትባል ጓደኛዋ ከሀያትስቪል ፊኛና ኬክ ጭና መጣች። ከሶፋው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በሲባጎ የተያያዙ የወርቅ ቀለም ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ሰቀለች።

«ምንድን ነው የሚለው?» አልኳት።

«ናርዶስ ነዋ፣ እማማ! የልጅቷ ስም!»

ሁሉም ምግቡን ከመኪና ሊያወርዱ ሲወርዱ ብቻዬን ቀረሁ። ወንበር ላይ ወጣሁ። ሲባጎውን በጥርሴ በጠስኩት። ፊደሎቹን ጠቅልዬ ከትራሴ ሥር ደበቅኳቸው። አጥፊ ነኝ ብዬ አላሰብኩም፤ እሳት ከቤት የማወጣ መስሎ ነበር የተሰማኝ።

ብሌን ተመልሳ «እንዴ! ስሟ የት ሄደ?» ስትል ከሶፋው ጀርባ አብሬያት ፈለግሁ። እንግዶቹ መጡ፣ በላን፣ ተሳቀ። ሲሄዱ ትዕግስት ለኔ ጋቢ ልታወጣልኝ ክፍሉ ገባችና ጥቅሉን ይዛ ወጣች።

«እማዬ፣ ይሄን ማን እዚህ አስገባው?»

እኔ ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ሳህኖች መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ስሙን ካልወደድሽው ለምን አትነግሪኝም?»

«ስሙ ጥሩ ነው።»

«እና?»

«ሳትወለድ ስም አይሰቀልም። መጀመሪያ ትወለድ።»

«እዚህ ሁሉም ሰው ነው የሚሰቅለው! እማዬ፣ እኔ እኮ ፈርቼ ነው የጠራሁሽ። አይዞሽ እንድትይኝ ነው እንጂ ይባስ እንድታስፈሪኝ አይደለም!»

ሄኖክ መሐላችን ገብቶ «በቃ ትጉ፣ በቃ፣ ፕረሸርሽ ይጨምራል» አላት። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ወሬያችን ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመን አስቀደስን፤ አልተያየንም። ሰኞ ክሊኒክ ደርሳ ስትመጣ ግፊቷ ጨምሮ ነበር። እኔ ያመጣሁት ነው አልኩ በሆዴ።

ረቡዕ፣ አሌክሳንድሪያ

ትዕግስት የምትሠራው አሌክሳንድሪያ በሚባል ከተማ፣ ሚስ ሩት የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ቤት ነው። ታጥባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች። ዶክተሯ ሥራ አቁሚ ስላለቻት ረቡዕ የመጨረሻ ቀኗ ነበር። «ሚስ ሩት ትናንት ኮል አድርገው ‹እናትሽን ሳላያት እንዳትቀሪ› ብለውኛል፤ ትመጫለሽ?» አለችኝ። ካኮረፍን ወዲህ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር ስለሆነ ነጠላዬን ለመልበስ ሮጥኩ። አሌክሳንድሪያ ስትለኝ የማርቆስ መንበር እስክንድርያ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ይኼኛው ሌላ ነው፣ በፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለ፣ ቀይ ጡብ ቤት የሞላበት፣ ድንጋይ ንጣፍ ያለው አሮጌ ከተማ። ድልድዩን ስንሻገር ዓይኔን ጨፈንኩ።

የሚስ ሩት በር ሲከፈት ደነገጥኩ። ቤቱ ጨለማ ነው። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። ወንበሮቹ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ አሮጊቷ ጥቁር ሹራብ ለብሰው መሐል ላይ ናቸው። እኔ ምን ላስብ? ሰው ሞቶባቸዋል አልኩ። ቶሎ ብዬ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፤ ጥለቱን ወደ ትከሻዬ አወጣሁና አንገቴን ደፍቼ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ማን ነው የሞተባቸው?» አልኳት በሹክሹክታ።

ትዕግስት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አፏን በሁለት እጇ ይዛ በሳቅ ተንከተከተች። ለሚስ ሩት ስትነግራቸው እሳቸውም ሳቁ፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሥተው መጥተው እጄን ያዙኝ። «ማንም አልሞተብኝም በያት። መጋረጃውን የዘጋሁት ለልጃገረዶቹ ስል ነው፤ ፀሐይ ይጎዳቸዋል» አሉ፤ ወደ ግድግዳውም አሳዩኝ። ነጠላዬን መልሼ ጥለቱን ወደ ታች አደረግሁና ቀና አልኩ።

ግድግዳው ሙሉ ጥልፍ ነው። መስታወት ውስጥ የገባ፣ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ያረጀ ጨርቅ፣ በላዩ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ከሀ እስከ ፐ እንደምንለው በተርታ በተርታ የተጠለፈበት። ከፊደሉ በታች ቁጥር፣ ከቁጥሩ በታች ቤት፣ ሁለት ዛፍ፣ ወፍ፣ ዙሪያውን የፍሬ ሐረግ። ከሁሉ በታች ደግሞ የጠለፈችው ልጅ ስምና ዕድሜ። ስምንት ዓመት። ዘጠኝ ዓመት። አሥራ አንድ። ሚስ ሩት በወጣትነታቸው አስተማሪ ነበሩ፤ እነዚህን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ የተማሪ ቤት ሴት ልጆች ሥራ እያሉ ሲሰበስቡ ኖረዋል። ያኔ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ ፊደሉን የምትማረው በመርፌ ነበር አሉኝ፤ ቤት ስትይዝ አንሶላዋ ላይ ምልክት እንድታደርግበት።

እኔም አራተኛ ክፍል ሳለሁ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነበረን። ከተማርኩት ሁሉ ዛሬ እንጀራዬ የሆነው እሱ ነው። እነዚያን ልጆች የማውቃቸው መሰለኝ። አንዲቷ ስሟን ስትጠልፍ ቦታ አልቆባት የመጨረሻዋን ፊደል ከመስመሩ በላይ ሰቅላታለች። ሳቄ መጣ፤ እኔም አንዴ ለሙሽራ ትራስ «መልካም እንቅልፍ» ስጠልፍ «ፍ»ን ጠርዙ ላይ አንጠልጥያት አውቃለሁ። ይህን ትዕግስት ስትነግራቸው ሚስ ሩት ጉልበታቸውን መቱ።

«ጀርባውን ማየት ይቻላል ወይ በያቸው» አልኩ።

ሚስ ሩት «እኔም ሁሌ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው!» ብለው፣ መስታወት ያልገባ አንድ ጨርቅ ከመሳቢያ አወጡ። ፊቱ ላይ ደብዝዞ ቡኒ የሆነው ክር ጀርባው ላይ በርበሬ የመሰለ ቀይ ነው። ፀሐይ አላየውማ። ልጅቷ ትናንት የጠለፈችው ይመስላል።

ረቡዕ ጾም እንደሆነ ትዕግስት ነግራቸው ኖሮ፣ ቅቤ የሌለው ዳቦ በዘይት አስጋግረው ጠበቁኝ። እንዲህ ያለ አሳቢ ሰው የት ይገኛል? ሻይ ጠጣን። ከዚያ ሚስ ሩት እንደገና ተነሥተው ከመስኮቱ ርቆ የተሰቀለ ሌላ ጥልፍ አሳዩን። ይኼኛው ፊደል የለውም፤ ስም ብቻ ነው። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ የእናት የአባቷን፣ የወንድም የእኅቶቿን ስም ከተወለዱበት ቀን ጋር ጠልፋዋለች። የመጨረሻው ስም ቶማስ ነው። በአጠገቡ ሁለት ቀን አለ፤ የተወለደበትና የሞተበት። ወር እንኳ አልሞላም።

ትዕግስት የሚስ ሩትን ቃል በአማርኛ ነገረችኝ። «የዚህ ሕፃን መቃብር የለም ይላሉ። ሌላ ቦታም ስሙ አይገኝም። እኅቱ ባትጠልፈው ኖሮ ተወልዶ እንደነበረ ማንም አያውቅም ነበር።»

ጨርቁን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ የሕፃኑን ስም በሰማያዊ ክር ነው የጠለፈችው፤ የሌሎቹ ቡኒ ነው። የተሻለውን ክር ለሱ ሰጥታዋለች።

«ንገሪያቸው» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት። «እኔም መጀመሪያ የወለድኳት ሴት ልጅ ነበረች በያቸው። ክርስትና ሳትነሣ ሞተች። ስም አላወጣንላትም። ሚጣ ነበር የምንላት።»

ትዕግስት ወደ ሚስ ሩት ዞራ በእንግሊዝኛ ጀመረች። ሁለት ሦስት ቃል እንዳለች ቆመች። ወደኔ ዞረች።

«ምን አልሽ እማዬ?»

«የሰማሽውን።»

«ከኔ በፊት?»

«ካንቺ በፊት።»

ሚስ ሩት ትርጉሙን እየጠበቁ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። እኔም አንዴ ከጀመርኩ አላቆምኩም። አባቷ ፈትል ገዝቶ ነበር፤ እኔም ገና ሆዴ ውስጥ ሳለች የልብሷን አንገት ጠልፌ፣ ጠቅልዬ አስቀምጬላት ነበር። ደህና ተወለደች፤ ከዚያ ትኩሳት ያዛት። እንደዚያች ላለች ሕፃን ለቅሶ አይቀመጡም፤ ጎረቤት «ሌላ ይተካልሻል» ብሎኝ ወደ ቤቱ ሄደ። ልብሱን ለሰው ሰጠሁ። ትዕግስት፣ አንቺን ሳረግዝ ክርስትናሽ እስኪደርስ አንዲት ጨርቅ በመርፌ አልነካሁም፤ ስምሽንም አልጠራሁም። አንቺ ስትተርፊ በዚያ የተረፍሽ መሰለኝ። ይኼው ነው።

ትዕግስት ለሚስ ሩት ምን ብላ እንደነገረቻቸው አላውቅም፤ ረጅም አልነበረም። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ልጄ ደግሞ ከበደኝ እያለች የምትሄደውን ሆዷን ይዛ ወደኔ መጣች። ነጠላዬን ከትከሻዬ ገለጥ አደረገችና አዘቀዘቀችው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አምጥታ አንገቴ ሥር አስተካከለችልኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። ሚስ ሩትም በሌላው ጎኔ ተቀመጡ። በዚያ በጨለማው ክፍል፣ ከነዚያ ሁሉ ልጆች ስም ፊት፣ ለሚጣ ለቅሶ ተቀመጥንላት። እንባዬ እንደዚያ ሲወርድ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ አይመስልም ነበር።

ስንወጣ ሚስ ሩት ከመሳቢያቸው ቁራጭ ነጭ ጨርቅና ረጅም አፍ ያላት ወፍ የምትመስል ትንሽ መቀስ ሰጡኝ። መቀሴን ቦሌ ላይ እንደወሰዱብኝ ትዕግስት ነግራቸዋለች ለካ። እጃቸውን ሳምኩ፤ እሳቸውም ጉንጬን።

መኪና ውስጥ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። ቤልትዌይ የሚሉት መንገድ ማታ ማታ የመኪና በረት ነው።

«ማንን ትመስል ነበር?» አለችኝ ትዕግስት።

«አባትሽን። ግንባሯ የሱ ነበር።»

«ፊደሎቹን ብሌን እንድትወስዳቸው እነግራታለሁ፤ አልሰቅላቸውም። እኔ ምን አወቅሁ እማዬ» አለችኝ።

«የወርቁን እንኳ ትውሰደው፤ አቧራ ይዞ ይውላል» አልኳት። «ስሟን እኔ እጠልፈዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀኖች

እነዚያ ቀኖች ሁሉ ስለሚመሳሰሉ በአንድ ላይ ላውራችሁ። ትዕግስት ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ትተኛለች፤ እኔ ከእግሯ ሥር ተቀምጬ እጠልፋለሁ። አልፈራሁም አልልም፤ መርፌዋን ባነሣሁ ቁጥር አማትብ ነበር። መጀመሪያ ፊደላችንን በተርታ ጠለፍኩ። ቀጥዬ «ሚጣ» አልኩ፤ በሰማያዊ። ከሥሯ «ትዕግስት»። ጠርዙ ላይ በነዚያ ልጆች ወፍ ፈንታ የደብረ ብርሃን በግ አደረግሁ።

«ይሄ ውሻ ነው?» አለችኝ ልጄ።

«በግ ነው! ቀንዱ አይታይሽም?»

ሄኖክ ከሥራ ሲመጣ ቆሞ ያያል። «እማማ፣ የኔን ስም ረሱት እንዴ? እኔ እኮ አባት ነኝ።»

«ቦታ ከተረፈ እናይልሃለን» አልኩት። ተረፈለት፤ ግን «ክ» ቦታ አጥታ ከበጉ ጀርባ ላይ ተቀመጠች። እስካሁን «በግ የጋለበ ብቸኛ ስም የኔ ነው» እያለ ይስቃል።

ማርታ በየቀኑ ብቅ እያለች ታያለች፤ ሾርባ ታመጣለች። የልጄም ግፊት ወረድ አለ፤ ዶክተሯ «ምን አገኘሽ?» አለቻት አሉ።

በመጨረሻ «ናርዶስ» ጀመርኩ። «ና»፣ «ር»፣ «ዶ»። የምጠልፈው መስቀለኛ ስፌት ነው፤ ክሩ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ይሄዳል። «ስ» ላይ ስደርስ የመጨረሻዋን መስቀል በአንድ ወገን ብቻ አድርጌ ግማሿን ተውኳት።

ትዕግስት አየችኝ። «እሷን ለምን ተውሻት?»

«ትወለድና እጨርሳታለሁ። ይህቺን ታህል ፍርሃት ተይልኝ።»

ሳቀችና እጇን ጭንቅላቴ ላይ አደረገች። «ተውኩልሽ።»

ሆስፒታል

ቀኗ ሳይደርስ ግፊቷ እንደገና ተነሣ፤ ክሊኒኩ በቀጥታ ሆስፒታል ላካት። ምጡን በመድኃኒት እናምጣው አሉ። ስንጣደፍ ጨርቁን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ወፏን መቀስ ጠረጴዛው ላይ ረስቻታለሁ። ክፍሉ ውስጥ ማሽኑ ድም ድም ይላል፤ የልጅቷ ልብ ነው አሉኝ። ያ ድምፅ ቀነስ ባለ ቁጥር የኔም አብሮ ይቀንስ ነበር። አንዲት ነርስ ሲበርደኝ አይታ ከማሞቂያ የወጣ ብርድ ልብስ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። የብርድ ልብስ ከተማ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ የሞቀኝ ግን የለም።

ትዕግስት እጄን እስኪሰበር ጨበጠችኝ። «እማዬ ጥሪያት!» አለችኝ። «ስሟን ጥሪያት!»

«ናርዶስ» አልኩ። «ነይ ልጄ። ናርዶስ፣ ነይ!» ገና ሳትወለድ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

መጣች። አለቀሰች። ትንሽ ናት፤ ድምፅዋ ግን የትልቅ ሰው ነው። ሄኖክ እትብቱን እንዲቆርጥ መቀስ ሲሰጡት ነርሷ ክንዱን ደገፈችው። እልል አልኩ፤ ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ሮጠው መጡ፣ አደጋ መስሏቸው። ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

እናትና ልጅ እቅፍ ለእቅፍ ሲሆኑ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ጨርቁን አወጣሁ። መርፌዋን ከነጠላዬ ጫፍ ነቀልኩና ያችን ግማሽ መስቀል ሞላኋት። ቋጠርኩ። መቀስ አልነበረኝምና ክሩን በጥርሴ በጠስኩት።

የተመለስኩበት ቀን

ስመለስ ወፏን መቀስ በትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ ሚስ ሩት ለስንብት በሰጡኝ ሻርፕ ጠቅልዬ አስገባኋት፤ በሰላም ገብታለች። ጨርቁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዚያ ጽጌረዳ ክፍል፣ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ቀርቷል። ፎቶውን ይዣለሁ።

ደብረ ብርሃን በገባሁ ማግስት ጌጤነሽ መጥታ ስልኬን ተቀብላ ፎቶውን አየች። ማንበብ ትችላለች፤ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ሚጣ ማናት?»

ነገርኳት። ለብዙ ዓመት በአንድ አጥር ኖረን አልነገርኳትም ነበር፤ ወደ ሰፈሩ የመጣችው ከዚያ ወዲህ ነው። እስክጨርስ አዳመጠችኝና ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ጥቂት ተቀመጥን። ከዚያ ጥለቱን መልሳ ወደ ታች አደረገች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ስልኩንም ወደኔ ገፋ አደረገችው።

«በይ አሁን» አለችኝ፣ «ያችን ትንሿን አሳዪኝ።»